ድገሙና መራራው ጨው

እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው ሆስፒታሉ ውስጥ ቢፈለግ ሁለት አይሞላም። ከበር ጥበቃው እስከ ዋና ሐኪሙ ድረስ ሁሉም «ድገሙ» ነው የሚላት። ስሙን ያወጡላት ነርሶቹ ናቸው። ክፋት አስበው እንዳይመስላችሁ፤ ከምድር ቤት ስልክ በተደወለ ቁጥር የሚሰሙት ይህንኑ ቃል ስለሆነ ነው። «ይሄ ደም ተበላሽቷል፤ ድገሙ» ትላለች፤ ጠቅ! ስልኩ ተዘጋ። እንደምን ዋላችሁ የለ፣ ደህና ሁኑ የለ።

ሰው ደግሞ ለመፍረድ ማን ብሎት። «ምን ታድርግ፣ ከሰው ጋር ስለማትኖር ነው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ከሰው ጋር አትኖርም። የምትኖረው ከሰው ደም ጋር ነው። ክፍሏ ደረጃውን ወርደው የልብስ ማጠቢያውን ሲያልፉ፣ የውሃ ቧንቧዎቹ ጣራው ላይ ከሚተላለፉበት ጥግ ላይ ናት። በሯ ላይ ትኬት መሸጫ የምትመስል ትንሽ መስኮት አለች፤ የደም ብልቃጦቹ የሚገቡት በእሷ ነው። ፊት አይታይም፣ የሚታየው እጅ ብቻ ነው። እጁ ያስቀምጣል፣ እጁ ይሄዳል።

ሥራዋ ሶዲየምና ፖታሲየም መለካት ነው። እንዲህ ሲባል ነገሩ ቀላል ይመስላል። ሶዲየም ያው የምንበላው ጨው ውስጥ ያለው ነው፤ ኑሮው ከሴሎቻችን ውጪ፣ በደሙ ውሃ ውስጥ ነው። ፖታሲየም ደግሞ ቤቱን የሚወድ ነው፤ ከሴሉ ውስጥ መውጣት አይፈልግም፤ ደም ውስጥ የሚገኘው ጥቂት ብቻ ነው። ሁለቱ ቦታ ቦታቸውን ይዘው ሲኖሩ ሰው ይራመዳል፣ ያስባል፣ ልቡም ሥራዋን ትሠራለች። አንዱ ካፈነገጠ ግን ጉድ ይፈላል።

አንድ ጊዜ «አብደዋል» የተባሉ ሴትዮ በልጆቻቸው ተደግፈው መጡ። የገዛ ልጆቻቸውን «እናንተ ደግሞ የማን ናችሁ?» ይሏቸዋል። ድገሙ ደማቸውን ለካች፤ መቶ ሠላሳ አምስት መሙላት የነበረበት ሶዲየም መቶ አሥራ ሁለት ላይ ወርዷል። ዕብደት አልነበረም፤ ሽንት የሚያበዛ የደም ግፊት ኪኒን ያመጣው ጣጣ ነበር። ሐኪሞቹ ቀስ እያሉ መለሱላቸው፤ በዚህ ነገር ጥድፊያውም ራሱ አንጎል ይጎዳል። ሴትዮዋ በሳምንታቸው ልጆቻቸውን በየስማቸው እየጠሩ፣ እየተቆጡ ወጡ ይባላል። ይባላል ነው እንግዲህ፤ ድገሙ አላየችም። እሷ ያየችው ቁጥሩ ሲቃና ነው።

የፖታሲየም ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው። ከሦስት ተኩል እስከ አምስት፤ አለቀ! ከዚያ ቢወርድም ቢወጣም ልብ ትታወካለች፤ ሰባትን ሲያልፍማ ምንም ሳታስጠነቅቅ ቀጥ ልትል ትችላለች። ክፋቱ፣ ይሄ ቁጥር ይዋሻል። ነርሷ ደሙን በቀጭን መርፌ በጉልበት ከሳበችው፣ ወይ ብልቃጡን እንደ ሽሮፕ ጠርሙስ ከወዘወዘችው፣ የደም ሕዋሳቱ ይፈነዱና የያዙትን ፖታሲየም ይዘረግፉታል። በሽተኛው እላይ ቁጭ ብሎ ሻይ እየጠጣ፣ ማሽኑ እታች «ሊሞት ነው» ይላል። ለዚህ ነው ድገሙ ብልቃጡን ከማሽኑ አውጥታ ወደ መብራቱ የምታነሳው። ደሙ ሲረጋ ከላይ የሚቀረው ውሃ ቢጫ መሆን አለበት። ቀላ ካለ ሕዋሳቱ ፈንድተዋል ማለት ነው፤ ድገሙ!

አንዳንዶቹን በሽተኞች በቁጥራቸው ለምዳቸዋለች። ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች ፖታሲየሙን በሽንት ማስወጣት ስለሚያቅታቸው ደማቸው በየጊዜው ይመጣል። «አንተ ሰው፣ ዛሬም ያን ፖታሲየም የሞላበት ሙዝህን ሳትበላ አልቀረህም» ትለዋለች አንዱን ብልቃጥ፣ ጮክ ብላ። ታዲያ አንድ ቀን ያ ስም መምጣቱን ይተዋል። ደውሎ «አረፉ እኮ» የሚላት የለም፤ ማን ብሎ ይነግራታል? ትንሽ ትጠብቃለች፤ ከዚያ ይገባታል። ፊቱን አይታ ለማታውቀው ሰው ያለቀሰችበት ቀን አለ። ይሄንንስ ለማን ይነግሩታል?

ቤቷም ከዚህ አይሻልም። እናቷ ከሞቱ፣ ወንድሞቿም በየፊናቸው ከሄዱ ወዲህ ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ ውስጥ በአንዲት ክፍል ነው የምትኖረው። የዕረፍቷን ቀን ማንንም ሳታናግር ትውላለች፤ ማታ ላይ ድምጿ መኖሩን ለማረጋገጥ «እህ» ትላለች። ብቻዋን መሆኗን ወዳው አልነበረም። ግን ያለ ምክንያት የሰው በር ማንኳኳት አትችልበትም። እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉ፤ «መጣሁ፣ ናፍቃችሁኝ ነው» ማለት ተራራ የሚሆንባቸው።

በሩን ያንኳኩት ጋሼ ናቸው። ጋሼ በግድግዳ የሚጎራበቷት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ያለቻቸው አንዲት ልጅም ትዳር ይዛ ሌላ ከተማ ናት። ድገሙ ጉንፋን ይዟት ስታስል በሰነበተችበት ወቅት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ድስት በጨርቅ ይዘው ከች አሉ።

«በይ ጠጪ። አንቺ ስትስይ እኔ እንቅልፍ አጣሁ» አሏት።

አንድ ማንኪያ ቀመሰችና ዓይኗ ፈጠጠ። «ጋሼ፣ ይሄ ሾርባ ነው ወይስ ባሕር?»

«ሾፌር እኮ ያልበዋል። ጨዉን መመለስ አለበት።»

«አሁን ምን እየነዱ ነው የሚያልብዎት?»

«ወንበር» አሉ።

ሳቀች። ስትስቅ ሳሏ ተነሳባት፣ ሳሏ ሲነሳባት እሳቸው ጀርባዋን መታ መታ አደረጓት። ሰው ጀርባዋን ከነካት ስንት ዘመኑ! ፊቷን ወደ ድስቱ ደፍታ ያንን ባሕር ጨርሳ ጠጣችው።

ድስቱን ለመመለስ ስትሄድ ባዶ እጇን መሄድ አፈረች። እግረ መንገዷንም «ግፊት አለብኝ» ማለታቸውን አስታውሳለች፤ ግፊት ላለበት ሰው ሶዲየም ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ለእሷ አይነገርም። ስለዚህ ከመድኃኒት ቤት የተለየ ጨው ገዛችላቸው፤ ሶዲየሙ ተቀንሶ በፖታሲየም የተተካውን። በትንሽ ዕቃ የታሸገ፣ መልኩ ከጨው የማይለይ።

ጋሼ በጣታቸው ነካ አድርገው ቀመሱና ፊታቸው ጭምድድ አለ። «ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል አሉ! ይሄን ማን ጨው አለው?»

«ይለምዱታል። ትንሽ ትንሽ ይነስንሱ፤ ለግፊትዎ ነው።»

«አንቺ ካልሽ እሺ። ቁጭ በያ፤ ሻይ ጥጃለሁ።»

ቁጭ አለች። ስለ ገደላ ገደሉ መንገድ፣ ፍሬን ስለ በጠሰባቸው ቀን፣ ስለ ሚስታቸው ኩርፊያ አወሩላት። ስትወጣ ግን ጭንቅ አላት፤ አሁን ደግሞ በምን ምክንያት ትመለሳለች?

ጨዉ አለቀ። እንዲህ ቶሎ ያልቃል ብላ አላሰበችም። በሩ ላይ ሆነው «ያቺ ነገር አልቃለች» አሏት። ሌላ ይዛ ሄደች፤ ሻይ ጠጡ። ደግሞ አለቀ፤ ደግሞ ይዛ ሄደች፤ በዚያ ቀን ሾርባውን ራሷ ሠራችላቸው። እያደር የጨዉ ዕቃ ዕድሜ እያጠረ፣ የእሷ መምጣት እየተደጋገመ ሄደ። ለሆስፒታሉ ሁሉ ድገሙ ድገሙ የምትለው ሴትዮ፣ «አንድ ሽማግሌ ይሄን ሁሉ ጨው እንዴት ይጨርሳል?» ብላ አንድም ቀን አልጠየቀችም። መደርደሪያቸው ላይ የተደረደሩት ኪኒኖች ምን እንደሆኑም አልጠየቀችም። ደስ ብሏታላ! ደስታ ደግሞ ጥያቄ አይወድም።

ከዚያ ጋሼ «እግሬን ከበደኝ» ማለት ጀመሩ። «ጎማዬ ተንፍሷል» ብለው ቀለዱበት። እሷ ግን «ቀልዱን ይተዉና ሆስፒታል ይምጡ፤ ይታዩ» አለቻቸው። «እሺ፣ እመጣለሁ» አሉ፤ መቼ እንደሚመጡ ግን አልነገሯትም።

አንድ ጠዋት፣ ተመላላሽ ታካሚ በበዛበት ሰዓት፣ ብልቃጦቹን እያከታተለች ማሽኑ ውስጥ ታስገባለች። ማሽኑ ጮኸ። ፖታሲየም ሰባት ነጥብ ስድስት። እንደ ልማዷ «ድገሙ» ልትል ብልቃጡን አነሳችና በላዩ የተለጠፈውን ስም አነበበች። የጋሼ ስም ነው።

ክው አለች። ብልቃጡን ወደ መብራቱ ይዛ «ቅላ» አለችው። «አደራህን፣ ቅላ!» አልቀላም። ቢጫ፣ ጥርት ያለ ነው፤ ንጹሕ ደም። ማሽኑ ተሳስቶ እንደሆነ ብላ ልኩ በሚታወቅ የመፈተኛ ውሃ ሞከረችው፤ ማሽኑ ደህና ነው። የጋሼን ደም ዳግመኛ ለካችው፤ ሰባት ነጥብ አምስት። ሶዲየማቸው ደህና፣ የተበላሸ ነገር የለም፤ ምንም ሰበብ የለም።

ስልኩን አነሳች። ከወዲያ ጫፍ የመለሰችላት ላይኛው ፎቅ ያለችው ሐኪም ናት፤ ቶሎ ቶሎ የምታወራ፣ ሥራ የሚበዛባት ልጅ። «ድገሙ ነሽ? ዛሬ ደግሞ የማንን እንድገም?» አለቻት።

ድገሙ የጋሼን ስም ጠራች። ከዚያ አፏ፣ ያ የለመደ አፏ፣ «ድገሙ» አለ። ጠቅ! ስልኩ ተዘጋ።

ስልኩን እንደያዘች ቀረች። ምን ማለቷ ነው? ውሸት እንዲሆንላት ስለፈለገች ብቻ እውነቱን ቁጥር ውሸት አለችው። አሁን ጋሼ በእነዚያ በተነፈሱ እግሮቻቸው ኮሪደሩን አቋርጠው፣ ደም መቅጃው በር ላይ ወረፋ ይዘው፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ሊቀመጡ ነው። ልባቸው ወረፋው እስኪደርስ ላትጠብቅ ትችላለች። ደግማ ደወለች፤ መስመሩ ተይዟል። ደግማ ደወለች፤ አሁንም ተይዟል። ያን ጊዜ ስልኩን ጥላ፣ ጓንቷን እንዳጠለቀች፣ ደረጃውን በሩጫ ወጣች።

ጋሼ አግዳሚው ላይ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል። ሲያዩዋት ግን በራ። «እንዴ! መጣሽልኝ? ደግማችሁ ቅዱ ብለዋል አሉ፤ እዚህ ቤት ደም አይጠገብም?»

«አይነሱ። በእናትዎ ከዚያ እንዳይነሱ» አለችና የሐኪሟን በር ሳታንኳኳ ገፍታ ገባች። «አይደገምም! ቁጥሩ እውነት ነው። ሰባት ተኩል ደርሷል፣ ደሙ ንጹሕ ነው። ቅድም የተናገርኩት ስህተት ነው።»

ሐኪሟ ጥያቄ አላበዛችም። በአንድ ጊዜ አልጋ መጣ፣ የልብ መመርመሪያው ደረታቸው ላይ ተለጠፈ። ከማሽኑ የወጣው ወረቀት ላይ የልባቸው መስመር ሹል ሹል ሠርቷል፤ ፖታሲየም ልብን ሲይዝ የሚያሳየው ምልክት ነው። ልብን የሚያረጋጋ ካልሲየም በደም ሥራቸው ተሰጠ፤ ፖታሲየሙን ወደ ሴሎቹ የሚመልሰው ኢንሱሊንም ከግሉኮስ ጋር ተከተለ። ነርሶቹ እየተሯሯጡም ቢሆን ዓይናቸው እሷ ላይ ነበር። «ድገሙ እቺ ናት?» ሲሉ ሰማች።

ነፍስ ሲመለስ ሐኪሟ ዞር አለች። «ኩላሊታቸው ደክሟል። የሚወስዱት ኪኒንም ፖታሲየም እንዳይወጣ ይይዛል፤ እሱ እንኳ የታወቀ ነው፣ በየጊዜው እንከታተለዋለን። ግን በአንድ ጊዜ እንዲህ አይወጣም። ምንድን ነው የሚበሉት?»

እዚህ ላይ ዝም ብትል ማን ያውቅባት ነበር? ጋሼ የጨዉን ስም እንኳ አያውቁም። ሐኪሟ ሙዝ ነው ብላ፣ ቲማቲም ነው ብላ ታልፈው ነበር። ነገሩ ከታወቀ ደግሞ ያቺ የሻይ ወንበር ለዘላለም እንደምታመልጣት አውቃለች።

«ጨው» አለች። «በፖታሲየም የተተካውን ጨው ይበላሉ። የገዛሁላቸው እኔ ነኝ።»

ሐኪሟ ትክ ብላ አየቻት። «የኩላሊታቸውን ነገር አታውቂም ነበር?»

«አልጠየቅኳቸውም።»

ሐኪሟ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣት ይሻላት ነበር። «ነገርሽኝ፣ ጥሩ አደረግሽ። አሁን ምክንያቱን ካወቅን እናወርደዋለን» አለችና ወደ ጋሼ ተመለሰች። ድገሙ ወደ ምድር ቤቷ ወረደች። ሌሎች ብልቃጦች እየጠበቋት ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ስትለካ ዋለች። የጋሼ ደም በየመሃሉ ይመጣ ነበር። ስድስት ተኩል። ስድስት። አምስት ተኩል። እየወረደ በመጣ ቁጥር እሷም ትንፋሿን ትንሽ ትንሽ ለቀቀች።

ልጃቸው በማግስቱ በአውቶቡስ ደረሰች። እንቅልፍ ያጣች፣ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ የምታወራ፣ ኮስታራ ሴት ናት። ድገሙ አልጋው አጠገብ ቆማ ነገሩን ከራሷ አፍ ነገረቻት።

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት አሉ!» አለች ልጅቷ። «ማን አድርጊ አለሽ? ሐኪማቸው ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«ገድለሽብኝ ነበር እኮ!»

«አዎ» አለች ድገሙ።

«ተያት» አሉ ጋሼ ከትራሳቸው ላይ። ድምፃቸው ደክሟል፤ ግን የሾፌርነት ቁጣው አለበት። «እሷ ትንሽ ትንሽ ነስንስ አለችኝ እንጂ በማንኪያ ዛቅ አላለችኝም። የዛቅኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን አባዬ? ጣፍጦህ ነው?»

«እንዴት ይጣፍጣል? ሬት ነው እኮ!» አሉ። ከዚያ ሁለቱንም ሳያዩ፣ ጣታቸው ላይ የታሰረውን የልብ ምት መቁጠሪያ ሽቦ እያፍተለተሉ፣ «ጨዉ ሲያልቅ ትመጣለች። ስትመጣ ቁጭ ትላለች። ሳያልቅ አትመጣም። ምን ላድርግ ታዲያ? ቶሎ ጨረስኩት» አሉ።

ድገሙ የአልጋውን ብረት ያዘች። እሷ ለመሄድ ምክንያት ስትጠብቅ፣ እሳቸው ምክንያቷን በማንኪያ እየበሉ ሲያደርሱላት ኖረዋል። አይ ሰው! በሩን ዝም ብለው ቢያንኳኩት ምን ነበረበት?

ልጅቷ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች። ቁጣዋ የት እንደገባ እንጃ፤ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና የአባቷን እግር በብርድ ልብሱ ላይ ያዘች። «ከእኔ ጋር ትሄዳለህ» አለቻቸው። «ልጆቹ አሉ፣ እኔ አለሁ፣ ሆስፒታሉ ቅርብ ነው።»

«አልሄድም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል። ጎረቤት አለኝ» አሉና ድገሙን ተመለከቷት። ልጅቷም ተመለከተቻት። «አንቺ ምን ትያለሽ?» አለቻት፤ አሁን በነገር ሳይሆን ከልቧ ነው የጠየቀቻት።

«ይቅሩ፣ እኔ እጠብቃቸዋለሁ» ማለት ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አምላኬ፣ እንዴት አድርጋ ፈልጋው ነበር! ከእንግዲህ ጨው አይገዛም፤ ዝም ብላ አንኳኩታ ትገባለች፤ አሁንማ ታውቃለች። ግን እሷ ከጠዋት እስከ ማታ ምድር ቤት ናት። የጋሼ ኩላሊት አይታደስም፤ ደማቸው በየጊዜው መታየት፣ የሚበሉት መመጠን አለበት። ፖታሲየሙ አንድ ጠዋት ቢመለስ፣ እግራቸው ክዷቸው ወለሉ ላይ ቢወድቁ፣ እሷ እስክትመጣ ማን ያነሳቸዋል? ማንም። ይሄን ደግሞ ከእሷ በላይ የሚያውቀው የለም።

«ይሂዱ» አለች። «ሰው ያለበት ቤት ይሻላል። ይሂዱ ጋሼ።»

«አንቺስ?» አሏት ጋሼ። «አንቺ ማን አለሽ?»

ለሐኪሟ እውነቱን ተናግራለች። ለልጃቸውም እውነቱን ተናግራለች። አሁን ግን አቀርቅራ የአንሶላውን ጫፍ ስታስተካክል ቆየችና ቀና አለች።

«እኔማ ብዙ ሰው አለኝ» አለች። «የሥራ ጓደኞች አሉኝ፣ ወንድሞቼም ይመጣሉ። የእኔን ነገር አያስቡ።»

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

«ተመስገን» አሉ ጋሼ፤ ፊታቸው ፈታ አለ። «እሱን ሳላውቅ አልሄድም ብዬ ነበር።» ከዚያም ወደ ልጃቸው ዞረው ጫማቸውን የት እንዳደረጉባቸው ጠየቋት።